ያልተሰበረችው ፕላስቲክ

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ የቤት ዕቃ ነው፤ ስለ ካሴት ማጫወቻና መቅጃ። “ይህስ የወንዶች ጉዳይ ነው” ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት አደራ እላለሁ። በቤታችን ይህን ዕቃ ከማንም አብልጣ ታውቀው የነበረችው እናቴ ስትሆን፣ በዕቃው ጥፋት ያጠፋሁበትም እኔው ሴት ልጇ ነኝና።

ታላቅ ወንድሜ መርከበኛ ነበር። በ1975 ዓ.ም. ከረጅም የባሕር ጉዞ በኋላ በአሰብ በኩል ሲመለስ፣ በትልቅ ካርቶን የታሸገ የጃፓን ሥራ ይዞልን መጣ። ካርቶኑ ሲከፈት የጎረቤት ሰው ተሰብስቦ፣ ቡናውም ሁለተኛው ላይ ደርሶ ነበር። ከውስጡ የወጣው ዕቃ ግን እኛ “ቴፕ” ብለን የምናውቀውን አይመስልም። በዚያን ጊዜ በሰፈራችን ቴፕ ማለት እጀታ ያለው፣ በባትሪም በመብራትም የሚሠራ፣ ድምፅ ማጉያው ከፊቱ የተገጠመለት ነው። ይኸኛው እጀታም ባትሪም የለውም። ፊቱ እንደ ብር የሚያበራ፣ ወርዱ ሰፋ፣ ቁመቱ አጠር ያለ ጠፍጣፋ ዕቃ ነው።

ወንድሜ ሶኬቱን ከመሰካቱ በፊት ወደ ጀርባው ዞሮ አንዲት ትንሽ መቀየሪያ በካቻቢቴ ጫፍ አዞረ። “ይቺን ሳላዞር ብሰካው ኖሮ አሁን ጭስ ታዩ ነበር” አለን። ለብዙ አገር ገበያ በተሠሩ በእነዚያ ዕቃዎች ጀርባ ላይ 110 ወይም 220 ቮልት የሚል ምርጫ ይገኛል፤ የእኛ አገር መብራት ደግሞ 220 ነው። እስከ ዛሬም ከውጭ አገር ዘመድ የላከላችሁን አሮጌ ዕቃ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን ማየት አይከፋም።

ካሴቱ ገባ፣ ቁልፉ ተጫነ፣ ሁለቱ ጥርሶች መዞር ጀመሩ፣ በመስተዋቱ ውስጥ ያሉት ሁለት መርፌዎችም ወዲያና ወዲህ ይወዛወዙ ጀመር። ድምፅ ግን የለም። እናቴ ሲኒውን ረከቦቱ ላይ አስቀምጣ፣ “ልጄ፣ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጠህ ዲዳ ነው ያመጣህልን?” አለችው። ሳቁ ለረጅም ጊዜ አልበረደም። ወንድሜም ለካስ ዕቃውን ሲገዛ ይህን በደንብ አልጠየቀም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ “ዴክ” ይባላል። ካሴቱን ማንበብና መቅዳት እንጂ ድምፁን አጉልቶ ማሰማት የእርሱ ሥራ አይደለም። ለዚያ አምፕሊፋየርና ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ያስፈልጉታል። እኛ ዘንድ ደግሞ አባቴ ትቶልን የሞተ፣ ሸክላም የሚያጫውት ትልቅ ራዲዮ ነበር። አንድ የሰፈር ኤሌክትሪሲያን የዴኩን ሽቦዎች ከራዲዮው ጀርባ ካለችው ባለ አምስት ቀዳዳ ክብ መሰኪያ ጋር አገናኘልንና፣ በሦስተኛው ቀን ዲዳው አፉን ፈታ። እናቴም በማግስቱ ነጭ የዳንቴል ልብስ ሠርታ አለበሰችው። (ዳንቴሉ የዕቃውን መተንፈሻ እየደፈነ ሙቀት እንደሚያፍንበት ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በየቤታችን ስንቱን ቴሌቪዥንና ስንቱን ቴፕ በዳንቴል እንዳፈንን እግዜር ይቁጠረው።)

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በዴኩ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ሁሉ የእንግሊዝ በመሆኑ ቁልፎቹን በቦታቸው ለየቻቸው። ከግራ በኩል የመጀመሪያው ካሴቱን የሚያስወጣው ነው፤ ሲጫኑት በሯ እንደ ሌሎቹ ቴፖች ቷ ብላ አትከፈትም፣ በቀስታ ትወርዳለች። ይህ ለእናቴ እጅግ የሚያስደስታት ነገር ነበር፤ “ጨዋ ናት” ትላት ነበር። ከዚያ ወደኋላ የሚመልሰው፣ የሚያጫውተው፣ ወደፊት የሚያስሮጠው፣ የሚያቆመው። ቀይ ነጥብ ያለበት መቅጃው ነው። መቅጃው ብቻውን ቢጫኑት እሺ አይልም፤ ከማጫወቻው ጋር በአንድ ላይ መጫን አለበት። ሰው በስሕተት አንዱን ነክቶ የተቀዳውን እንዳያጠፋ ተብሎ የተደረገ ነው። ይህችን ጥንቃቄ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ከቁልፎቹ በላይ ያሉት ሁለት መርፌዎች የግራውንና የቀኙን ድምፅ መጠን ያሳያሉ። ሲቀዱ መርፌው ከዜሮ አልፎ ቀዩ ላይ ከተኛ ድምፁ ይሻክራል፤ ከታች ብቻ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ከንግግሩ ይልቅ የካሴቱ ሽውታ ይበልጣል። ለዚህ ሲባል ግራና ቀኙን ለየብቻ የሚያስተካክል ማዞሪያ አለው። እናቴ መርፌውን እያየች መናገር ለምዳ ነበር። ቀዩን ሲነካባት ድምፅዋን ዝቅ ታደርግና “ተቆጣችኝ” ትለኛለች።

አሁን ለምን ትናገር እንደነበር ልንገራችሁ። ታላቅ እህቴ በ1972 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወጥታ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካ ዋሽንግተን ገብታ ነበር። ስልክ ውድ ነው፤ እኛም ቤት ስልክ አልነበረም። ደብዳቤ ለእናቴ የሚጻፍላት በእኔ እጅ ነው፤ በልጅ እጅ የተጻፈ ደብዳቤ ደግሞ የእናትን ነገር ሁሉ አይዝም። ስለዚህ በካሴት መላላክ ጀመሩ። በዚያ ዘመን ዘመዳችሁ ውጭ አገር የነበረ ይህን ታስታውሱታላችሁ። አንድ ካሴት በሰው እጅ ይሄዳል፣ ከወራት በኋላ በሌላ ሰው እጅ ይመለሳል።

ታሪኩን ላነበበ ሰው ነገሩ የሚገርም አይደለም። ካሴት መጀመሪያ የተሠራው ለዘፈን ሳይሆን ለንግግር ነበር። ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ካሴቱን ለሕዝብ ያሳየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 በበርሊን የራዲዮ ትርኢት ላይ ሲሆን፣ ሥራውን የመራው ሉ ኦተንስ የተባለ መሐንዲስ ነው። ሥራው የተሠራው ሃሰልት በምትባል የቤልጅየም ከተማ ውስጥ ነበር። ሐሳቡ ሰው በኪሱ ይዞት የሚዞር፣ ንግግር የሚቀዳበት ቀላል ዕቃ ነበር። ኩባንያው ሌሎች ፋብሪካዎችም ያለ ክፍያ እንዲሠሩት ስለ ፈቀደ ካሴቱ ዓለምን ሞላ። ሰውየው በ2021 በ94 ዓመቱ ዐረፈ። እናቴና እህቴ እንደተጠቀሙበት የሚጠቀም ሰው ቢያይ ደስ ይለው ነበር ብዬ አስባለሁ።

የካሴቱ ክር ወርዱ 3.81 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከጤፍ ብዙ አይበልጥም ብል ማጋነን ይሆንብኛል እንጂ ከጫማ ማሰሪያ ይጠብባል። በሴኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል። በዚያች ጠባብ ክር ላይ አራት መንገዶች አሉ፤ ሁለቱ ለአንደኛው ፊት፣ ሁለቱ ለሌላው። ከሁለቱ አንዱ የግራ፣ ሌላው የቀኝ ድምፅ ነው። የእኛ ዴክ ከፊቱ ሁለት የማይክሮፎን ቀዳዳዎች ነበሩት፤ እኛ ግን ያለን ማይክሮፎን አንድ ብቻ ነው። እርሱንም በግራው ቀዳዳ እንሰካው ነበር። በዚህ የተነሣ እናቴ የቀዳችው ሁሉ በግራው መንገድ ብቻ ሰፈረ፤ በቀኙ ምንም የለም።

ካሴት በቀላሉ አይገኝም ነበርና እህቴ የእናቴን ድምፅ ከሰማች በኋላ መልሷን በዚያው ላይ ቀድታ ትልካለች። እኛም የእርሷን ሰምተን በላዩ ላይ እንቀዳለን። በዴኩ ሆድ ውስጥ ከሚያነበው ሄድ አጠገብ ሌላ ትንሽ ሄድ አለ፤ ሥራው ማጥፋት ነው። ሲቀዱ ክሩ መጀመሪያ በዚያ ያልፍና የነበረበት ሁሉ ይታጠባል፤ ከዚያ አዲሱ ይጻፍበታል። ስለዚህ አምስት ዓመት ሙሉ የተላላኩት ንግግር አንዱ ሌላውን እያጠፋ ሄደ። ያኔ ይህ ለማናችንም አላሳሰበንም። ደብዳቤ የሚመጣው ገና ሌላ አለ ብለን ነውና።

በ1979 ዓ.ም. ሰኔ ላይ አንዲት ዘመዳችን ወደ አሜሪካ ልትሄድ ነው ስለ ተባለ እናቴ ካሴት ልትሞላ ተቀመጠች። ካሴቱ አዲስ የ60 ደቂቃ ነበር፤ በአንድ ፊት 30 ደቂቃ ማለት ነው። በሦስት ምሽት ቀዳችው። በየምሽቱ ስንጨርስ የቆመበትን ቁጥር እኔ በደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ዴኩ ባለ ሦስት አኃዝ መቁጠሪያ አለው፤ ከአጠገቡ ያለችውን ቁልፍ ሲጫኗት ወደ 000 ይመለሳል። ቁጥሩ የደቂቃ እንዳይመስላችሁ። የሚቆጥረው የጥርሱን ዙር ነው፤ ካሴቱ ሲጀምር ክሩ የሚጠቀለልበት ቀጭን ስለሆነ ቁጥሩ ይሮጣል፣ እየወፈረ ሲሄድ ይዘገያል።

የመጀመሪያው ምሽት ሰላምታ ነው። የጎረቤቱን ሁሉ ስም እየጠራች፣ ማን እንደ ወለደ፣ ማን እንደ ሞተ፣ የእገሊት ልጅ ፈተና እንዳለፈ ተናገረች። በሁለተኛው ምሽት ግን ማይክሮፎኑን ያዘችና “አንቺ ወደ ጓዳ ሂጂ፤ ለእህትሽ የምላት አለኝ” አለችኝ። “ቁልፉንስ ማን ይጫንልሻል?” ብላት፣ “ሁለቱን በአንድ ላይ አይደል? እኔ አላውቀውም?” ብላ በሩን ዘጋችብኝ። ጓዳ ተቀምጬ ድምፅዋ ሲያጉረመርም እሰማለሁ፤ ቃሉ አይለይም። ኋላ በሩን ከፍታ “ነይ ግቢ” አለችኝና ቀሪውን ስለ በርበሬና ስለ ሽሮ ተናገረች። ሦስተኛው ምሽት ሲያበቃ ቁጥሩ 348 ላይ ቆመ። በሰዓት 25 ደቂቃ ያህል ነው።

የዘመዳችን ጉዞ ተላለፈ። እናቴ በክረምቱ ታመመች፤ ነሐሴ ላይ ዐረፈች። ካሴቱ ስም ሳይጻፍበት በቡፌው መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልግባ። ካሴት ያላችሁ አንሡና ከጀርባው ጠርዝ በኩል ተመልከቱ። በሁለቱ ጫፎች ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች አሉ። የምትፈልጉትን ፊት ወደ እናንተ አዙራችሁ ስትይዙት፣ ከላይ በግራ ያለችው የዚያ ፊት ዘበኛ ናት። ሰብራችሁ ስትጥሏት ቀዳዳዋ ክፍት ይሆናል፤ ዴኩ ውስጥ ያለች አንዲት ዘንግ ያንን ቀዳዳ ስታገኝ መቅጃው ቁልፍ ፈጽሞ አይጫንም። የሙዚቃ ቤት ካሴቶች ሁሉ ተሰብረው የሚመጡት ለዚህ ነው፤ እኛ ወጣቶች ደግሞ በቀዳዳው ወረቀት ጠቅጥቀን፣ ወይም ፕላስተር ለጥፈን በላዩ ላይ እንቀዳ ነበር። እንግዲህ ሁለቱን ቁልፍ በአንድ ላይ መጫን ከስሕተት እጅ ይጠብቃል፤ አውቆ ከሚጫን እጅ ግን የምትጠብቀው ይህች ፕላስቲክ ብቻ ናት። የእናቴን ካሴት ፕላስቲክ የሰበራት ሰው አልነበረም። መስበር የነበረብኝ እኔ ነኝ።

በጥር 1981 ዓ.ም. ነው። ሐዘናችን ዓመት አልፎት ነበር፤ እኔም 19 ሆኖኛል። አንዲት ጓደኛዬ ልታገባ ሳምንት ቀርቷት ከራዲዮ ዘፈን እንድቀዳላት ለመነችኝ። ከመሳቢያው ስም የሌለበት ካሴት አወጣሁና ከመጀመሪያው አድርጌ ሁለቱን ቁልፍ ተጫንኩ። ሦስት ዘፈን ቀዳሁ፤ የመጀመሪያው የጥላሁን ገሠሠ ነበር። ደስ ብሎኝ አቆምኩና ካለቀበት ትንሽ እንዲያልፍ ብዬ ማጫወቻውን ነካሁ። “…አደራ፤ ገና ልጅ ናት” የሚል የእናቴ ድምፅ ከግራው ስፒከር ወጣ። ከዚያ የበር መንቋቋት፤ ከዚያ “ነይ ግቢ”።

መቁጠሪያው 223 ላይ ነበር። አስራ አራት ደቂቃ ጠፍቷል፤ አስራ አንድ ቀርቷል። ሁለቱንም ፕላስቲኮች በዚያች ሰዓት በቢላ ጫፍ ሰበርኳቸው፤ ምን ሊረባ።

ለማንም አልተናገርኩም። እህቴ በደብዳቤ “እማዬ የቀዳችልኝ ካሴት የት ደረሰ?” ብላ ስትጠይቅ “በደኅና ሰው እጅ እስክናገኝ” አልኳት። ኋላ ስልክ ሲመጣ በስልክ ጠየቀች። በዚያን ጊዜ ደግሞ ዴኩ በእርግጥ ተበላሽቶ ነበርና “ማጫወቻው ስለ ተበላሸ ነው” አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም። እናንተ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ታውቁታላችሁ፤ ዓመት በጨመረ ቁጥር መናገሩ እየከበደ ይሄዳል። ደግሞም የኮሌጅ ወጪዬን ሙሉ በሙሉ የቻለችው እህቴ ነች። አደራውን ማንም ሳያሰማት።

ባለፈው ዓመት በ2017 እህቴ ለፋሲካ እንደምትመጣ ነገረችኝ። ዕድሜዋ 67 ሆኗል። “ቴፑን አሠሪልኝ፤ ገንዘቡን እልካለሁ” አለች። ከዚህ በኋላ መሸሸጊያ የለኝም። ዴኩን ከነዳንቴሉ በታክሲ ጭኜ መርካቶ ወደ አንድ አዛውንት ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት።

“በሌላ ማጫወቻ ቢሰማ አይሻልም ወይ?” ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። “ይሰማል፤ ነገር ግን ራሱ የቀዳው ራሱ ቢያነበው ይሻላል” አሉኝ። የሄዱ አቀማመጥ ከዕቃ ዕቃ በጥቂቱ ያዘነብላል፤ ዝንባሌው ካልገጠመ ቀጫጭኑ ድምፅ ይጠፋና ንግግሩ ይደፈናል። አንድ ዴክ ሲቀዳም ሲያነብም ያው አንድ ዝንባሌ ስላለው ከራሱ ሥራ ጋር ይግባባል።

ክዳኑን ሲከፍቱት ሞተሩ ደኅና ነው። ሞተሩን ከከባዱ መዘውር ጋር የሚያገናኘው የላስቲክ ቺንጋ ግን ቀልጦ እንደ ሬንጅ ሆኗል። ዕድሜ ነው፤ የዚያ ዘመን ላስቲክ ብዙው እንዲህ ይሆናል። አዛውንቱ በንጹሕ አልኮልና በጥጥ ጠረጉት። (የእኛ ቤት ሄዱን የሚጠርገው በኮሎኝ ነበር፤ ስነግራቸው ራሳቸውን ይዘው ሳቁ። ሽቶ ያለበት ነገር ቅባቱን ትቶ ይሄዳል አሉ።) ክሩን የሚጨብጠውን የላስቲክ ጎማ ደርቆ ስላገኙት በለሰለሰ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለው አሻካከሩት። ቺንጋውን ከሞቱ ዕቃዎች ካጠራቀሙት መካከል በክር እየለኩ፣ ከሚዞርበት መንገድ ጥቂት የሚያጥረውን መረጡ። የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ የሚያስሩ ሰዎች አሉ፤ ለሁለት ቀን ይሠራል፣ ድምፁ ግን እንደ ሰካራም ይወላገዳል።

የእናቴን ካሴት ግን ወዲያው አላስገቡትም። “መጀመሪያ የማይቆጭሽን ስጪኝ” አሉኝ። ይህን ምክር ለሁላችሁም አስተላልፋለሁ፤ ያልተሞከረ ዴክ ክር ይበላልና። በካሴቱም ውስጥ ክሩን ወደ ሄዱ የምትገፋው ትንሿ የበግ ፀጉር መሰል ጨርቅ ማጣበቂያዋ ደርቆ ወድቃ ነበር። ካሴቱ በአምስት ብሎን የታሰረ ስለሆነ ፈትተው ክሩን ወደ ሌላ ቤት አዛወሩት። በሙጫ የተጣበቀ ቢሆን ኖሮ መስበር ሊያስፈልግ ነበር። በአዲሱ ቤት ላይ ያሉትን ሁለት ፕላስቲኮች ከማንም በፊት እኔ በካቻቢቴያቸው ሰበርኳቸው። ለምን እንደምቸኩል አልጠየቁኝም።

ከዚያ በኋላ ያልጠበቅሁት ነገር መጣ። ቺንጋው ሲቀየር ፍጥነቱም ይቀየራል፤ በሞተሩ ጀርባ ባለች ቀዳዳ ውስጥ ያለችን ብሎን በማዞር ይስተካከላል። አዛውንቱ ወደ እናቴ ድምፅ አስሮጡትና፣ “እስቲ ድምፃቸው ይህ ነው?” አሉኝ። ቀጠን ያለ ነበር። አዞሩት። “አሁንስ?” ወፈረ። እንደገና አዞሩት። እኔም የእናቴ ድምፅ ቅጥነቱ ምን ያህል እንደ ነበር እንደማላውቅ ያን ጊዜ ተረዳሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ነው። ቢያቀጥኑትም እርሷን መሰለኝ፣ ቢያወፍሩትም እርሷን መሰለኝ። እንባዬ መጣ።

አዛውንቱ ጥቂት አሰቡና “በዚህ ካሴት ላይ ሌላ የሚታወቅ ነገር አለ?” ሲሉ ጠየቁኝ። አለ። ወደ መጀመሪያው አስመለስናቸውና ያ ዘፈን ወጣ። ልጃቸው ያንኑ ዘፈን በስልኩ አገኘው። አንዱን በአንድ ጆሮ፣ ሌላውን በሌላ ጆሮ እየሰሙ ብሎኗን በፀጉር ያህል በፀጉር ያህል አዞሯት፤ መጀመሪያ ጥላሁን እንደ ልጅ ይዘፍን ነበር፤ ቀስ በቀስ ጥላሁን ሆነ። “ፍጹም ነው አልልሽም፤ ቀርበናል” አሉኝ። ከዚያ ወደ 223 አለፍን፤ እናቴ ተናገረች፤ ድምፅዋን ለየሁት።

አንድ ነገር ብቻ ይጎድለው ነበር፤ በነጠላ የተሸፈነች ያህል ድፍን ብሏል። በዴኩ ላይ “ዶልቢ” የተባለች ማብሪያ አለች። ሬይ ዶልቢ የተባለ አሜሪካዊ የፈጠረው ዘዴ ሲሆን፣ በቤት ዕቃዎች ላይ እንደ አውሮፓውያኑ ከ1968 ጀምሮ የገባ ነው። ሲቀዳ ደካማዎቹን ቀጫጭን ድምፆች ከፍ አድርጎ ይጽፋል፤ ሲያነብ መልሶ ዝቅ ያደርጋቸዋል፤ አብሮ የካሴቱ ሽውታም ዝቅ ይላል። በዶልቢ ያልተቀዳውን በዶልቢ ካነበባችሁት ግን ያልተነሣውን ዝቅ ያደርገዋልና ድምፁ ይታፈናል። እናቴ ያለ ዶልቢ ነበር የምትቀዳው፤ የእህቴ ትንሽ ማጫወቻ ዶልቢ ስላልነበረው። ማብሪያዋን ወደ ላይ አደረግኋት። ሽውታው ተመለሰ፤ እናቴም ከነጠላው ወጣች።

እህቴ በሰሙነ ሕማማት መጀመሪያ ገባች። በሁለተኛው ቀን ቁርስ ላይ ነገርኳት። “የመጀመሪያው አስራ አራት ደቂቃ የለም፣ እትዬ።”

“ማን አጠፋው?”

“እኔ።”

“መቼ?”

“በ81።”

ጽዋውን አስቀምጣ ወደ ውጭ ተመለከተች። በዘፈኑ አልተቆጣችም፤ “ልጅ ነበርሽ” አለች። የተቆጣችው በስልክ “ማጫወቻው ተበላሽቶ ነው” እያልኩ በሸኘኋቸው ዓመታት ነው። “ብትነግሪኝ ኖሮ የቀረውን ለመስማት ያን ጊዜ እመጣ ነበር” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ቀን ሙሉ፣ በማግስቱም ከአስፈላጊው በቀር አልተነጋገርንም።

በዓርብ ስቅለት ማታ ወደ ሳሎን መጣች። “በጠፋው ውስጥ ምን ነበር?” ስትል ጠየቀችኝ። የማስታውሰውን ነገርኳት፤ የጎረቤቱን ስም ሁሉ፣ የወለደችውን፣ የሞቱትን። ብዙዎቹን እርሷም ረስታቸው ነበር፤ ስማቸውን ስጠራ አንድ በአንድ ትደግማቸዋለች።

“በሩን ከዘጋች በኋላ ያለውስ?”

“እርሱን አልሰማሁትም። ጓዳ ነበርኩ።”

ዝም አለች። ኋላም “በይ አስጀምሪው” አለችኝ። ዳንቴሉን አነሣሁና ቁልፉን ተጫንኩ። ሁለቱ መርፌዎች ተነሡ፤ የዘፈኑ መጨረሻ ከሁለቱም ስፒከሮች ተሰማ፤ ከዚያ የቀኙ መርፌ ወደ ታች ወርዶ ተኛ፣ የግራው ብቻ ቀረ። እህቴ ተነሥታ ወንበሯን ጎትታ ከግራው ስፒከር አጠገብ አስቀመጠችና ተቀመጠች።